ሁለት ጉንጭ ውሃ

ትርፊት በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ግቢ ትገባለች። አሥር ኪሎ ነው። የሁለት ዓመት ልጇ ሐዳሳ ከኋላዋ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ከጎረቤቷ ከሊሻን ጋር ቀርታ ጠጠር ትለቅማለች።

ባሏ ዋለ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ፣ ባላቸው አንድ ወንበር ላይ፣ የማታውቀው ሰው አለ። ጫማው የሆሳዕናን ጭቃ ረግጦ የሚያውቅ አይመስልም።

«ምነው እህቴ፣ ቅቤ ይዘሽ ፀሐይ ላይ ቆመሽ?» ይላል ሰውየው። «ሁሉንም ራስሽ ልትቀቢው ነው?»

ዋለ ይስቃል። ሳቁ ከሰውየው ሳቅ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

«ጋሽ አበራ ይባላሉ» ይላል። «ቅቤውን እሳቸው ይወስዱልናል። ከገበያው በተሻለ ዋጋ።»

ትርፊት ቅቤውን አታስቀምጥም። የዚህ ዊጆ ተራ እስኪደርሳት ዘጠኝ ወር ጠብቃለች። አሥር ሴቶች በየወሩ አንድ አንድ ኪሎ ቅቤ ያዋጣሉ፤ ተራው የደረሳት ሁሉንም ይዛ ትሄዳለች። ሌሎቹ ላም አላቸው። እሷ ስለሌላት የምታዋጣውን ከገበያ የምትገዛው ከስኳሩ፣ ከዘይቱ፣ ከራሷ ጫማ እየቀነሰች ነው። ዛሬ ቅቤው ይሸጣል፤ ዋለ ከመምህርነት ደመወዙ ባንክ ካስቀመጠው ጋር ተደምሮ ጊደር ይገዛል፤ ጊደሯ ሌሞ ገጠር፣ የትርፊት አባት ዘንድ ታድጋለች። የተነጋገሩት ይህንን ነው።

ዋለም ቆጥቧል። ማንም አይክደውም። ባጃጅ ትቶ ትምህርት ቤት በእግሩ ይመላለሳል። ጊምቢቹ ለቅሶ የሄደ ጊዜ እንኳ ደርሶ መልሱ በእግሩ ነበር፤ ሁለት ቀን ፈጀበት። ምሳ ትቶ በሶ ይዞ ይወጣል። ቧንቧው በሳምንት አንዴ መምጣት ሲጀምርና ጀሪካን ሲወደድ ደግሞ ውሃውንም በጉንጭ ለካ። ሴቶቹ ይቀኑባት ነበር። «የሐዳሳ እናት፣ ያንቺ ባል እኮ ጥላውንም ይቆጥባል» ትላት ነበር ሊሻን።

የሊሻን ባል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ስልኩ ከሚያዝያ ወዲህ ዝግ ነው። ሊሻን ግን ዊጆዋን አጓድላ አታውቅም። «ሲመጣ ቅቤ ያምረዋል» ትላለች።

«እኔ ገበያ ልውሰደው» ትላለች ትርፊት። «ጊደሯንም ዛሬ እናያለን ብለህ የለ?»

«ጊደሯ ትቆይ።»

«ባንክ ያለውስ?»

ዋለ መሬት መሬቱን ያያል። የሚመልስላት አበራ ነው።

«እሱ የሚደርስበት ደርሷል፣ እህቴ። የቀረችው ትንሽ ናት፤ እሷን ቅቤው ይሸፍናታል። አትጨነቂ።»

ድምፁ መልካም ነው። የታመመ ሊጠይቅ እንደመጣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ያረጋጋል። ወደ ዋለ ይዞራል።

«እግርህስ?»

«ጊምቢቹ ደርሼ መጣሁ። አላበጠም።»

«በሶው?»

«ለመደኝ።»

«ውሃ?»

«ሁለት ጉንጭ ጠዋት፣ ሁለት ጉንጭ ማታ።»

«የውሃዋን ነገር በደንብ ያዛት። የሀቢቾው ልጅ እኮ እግሩ አይታማም ነበር። ውሃ ሲያጥር ነው እዚያው ኬንያ በረሃ ላይ የቀረው።»

ትርፊት ባጃጁን ታስባለች። በሶውን። ማታ ማታ ዋለ ውሃውን ሳይውጥ አፉ ውስጥ ይዞ ሲቆይ፣ እሷም አይታው «ጎበዝ» ስትለው። ጊደር ሊገዛ የሚቆጥብ ሰው ጥምን አይለማመድም።

ደግሞ የሊሻንም ባል የመጣው ከሀቢቾ ነው።

«የትኛው የሀቢቾ ልጅ?» ትላለች።

አበራ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ያየዋል።

«አታውቂውም» ይላል።

«ሁለት ዓመት ነው፣ ትርፊት» ይላል ዋለ በዝግታ። እየዋሸ አይደለም፤ የሚያምንበትን ነው የሚናገረው። «በዚህ ደመወዝ ጊደር እስክንገዛ፣ ጊደሯ እስክትወልድ ሐዳሳ ራሷ ለወግ ትደርሳለች። ኪራዩ መቼ ቆሞ ይጠብቀናል? እዚያ ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ። ቅቤውን ስጭኝ።»

ተነስቶ እጁን ይዘረጋል። ከሲታ ሆኗል፤ የእጁ አንጓ አጥንት ወጥቷል። ይህንንም እስከ ዛሬ ቁጠባ ነው ብላ ነበር።

ከአጥሩ ውጭ የሊሻን ሳቅ ይሰማል። «ጠጠሩን እንደ ስልክ ያዥው! እንዲህ፣ ጆሮሽ ላይ! ሃሎ በይው፣ ሐዳሳ። መቼ ትመጣለህ በይው።»

«ሃሎ» ትላለች ሐዳሳ።

አበራ ሰዓቱን ያያል።

ትርፊት ቅቤውን ወደ ደረቷ ታስጠጋዋለች። ፀሐዩ በርትቷል። በኮባው ስንጥቅ የቀለጠው ቅቤ ክንዷን ይዞ ይወርድና ከክርኗ ጫፍ፣ ዋለ ዘርግቶ በያዘው ባዶ መዳፍ ላይ ጠብ ይላል።