ጩኸት የሚመልስ ግድግዳ

አዲሱ ግድግዳ ከተሠራ ወዲህ በኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሚጮህ ሰው የለም። ጩኸት ጎረቤት ጋ አይደርስም፤ እጥፍ ሆኖ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በርበሬ የሚወቅጥ የገዛ ጆሮውን ይወቅጣል፣ ሚስቱ ላይ የሚያንባርቅ ባል ራሱ ላይ ያንባርቃል። ሰዉ በአንድ ክረምት ጨዋ ሆነ። ቤዛዊትም መሐንዲሶቹን "እጃችሁ ይባረክ" ብላ መርቃ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዛ ባሏን ሱራፌልን ልትቀሰቅሰው ብትነካው በድን ሆኗል።

"ወየው! ሱራዬን! ወየው ጉዴ!" ብላ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ጩኸቷ ተመልሶ ጆሮዋን መታት። ጎረቤት በሩን በርግዶ እስኪገባ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው ተመላለሰች። ደግማ ጮኸች፤ ደግሞ መታት።

በመጨረሻ ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣችና የጎረቤቷን የኑሃሚንን ደወል ተጫነች። ኑሃሚን እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ እየሳቀች ከፈተች።

"እትዬ ቤዛ! እንደምን አደሩ? ጋሼ ሱራፌልስ ደህና አደሩ?"

ቤዛዊት አፏን ከፈተች። ሐዘንተኛ የራሱን መርዶ ሲናገር አይታ አታውቅም። እሪታው ነበር የሚናገርለት፤ ሰው ሰምቶ ይመጣ ነበር። በቃል እንዴት እንደሚባል ጠፋት።

"ምነው ዝም አሉ? ጨው አልቆብዎት ነው?"

"አዎ" አለች ቤዛዊት።

ኑሃሚን እያንጎራጎረች ገብታ በስኒ ጨው ይዛላት መጣች። ቤዛዊት በሁለት እጇ ተቀብላ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ፣ ሱራፌል ወደተኛበት ተመለሰች።