የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ

ዘርፌ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመድኃኒት ገምጋሚ ባለሙያዎች ጉባኤ አንድን መድኃኒት መንግሥት ወጪያቸውን ከሚሸፍናቸው ውስጥ ሲሰርዝ፣ በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ የሚነገረው ለበሽተኛው እድር ነው፤ ድንኳኑና ንፍሮው ቀደም ብሎ እንዲሰናዳ። ቤተሰቡ የሚሰማው በሳምንቱ ነው። እስከዚያ ድረስ የማን ቤት እንደሆነ የእድሩ ዳኛ ትንፍሽ አይሉም።

ዘርፌም ጠይቃ አታውቅም። ዳኛው ጋሽ ደጀኔ ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ ድስቱን ትፈትጋለች፣ ሳህኑን ትደረድራለች፣ ገና በእግሩ ለሚሄድ ሰው "ነፍስ ይማር" ትላለች።

ዛሬም ጠዋት ቤቷ ድረስ መጡ። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተነሳች።

"ስንት ሳህን ላውጣ ጋሼ?"

"ተይው፤ አንቺ ቁጭ በይ።"

"ኧረ ምን ገዶኝ! ትልቁን ድስት ብቻ የሚያግዘኝ ሰው ይፈለግልኝ እንጂ።"

ጋሽ ደጀኔ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ እጃቸውን ዘረጉ።

"ቁልፉን ስጪኝ ልጄ። ለጊዜው ወይዘሮ አስካለ ይያዙት።"

የዘርፌ እጅ አንገቷ ላይ ቀረ። በእድራቸው ወግ ቁልፍ ያዥ ቁልፏን የምታስረክበው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሐዘንተኛ የሐዘን ዕቃ አታወጣም።

ከጓዳ የባሏ የልሳነወርቅ ድምፅ ተሰማ።

"ዘርፍዬ፣ የልቤን ክኒን አቀብዪኝ እስቲ፤ ሰዓቱ ደርሷል።"

"መጣሁ" አለች፣ የቁልፉን ክር ከአንገቷ እያወለቀች።