ስልኩ እለፍ ሲል

ማሽኑ የጎሚስታውን ስልክ አንብቦ ጢጥ ይልና አረንጓዴ ይበራል።

«ጨርሰዋል ጋሼ፤ ይለፉ» ትላለች የወደቡን በር የምትቆጣጠረው ወጣት። ሙቀቱንም ቀደም ብላ ለክታዋለች፤ ደህና ነው። ጎሚስታው ስልኩን ኪሱ ይከታል። ጠዋት የትኩሳት ክኒን መዋጡን ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከኋላው ያለችው ነጋዴ ቀይ ይወጣባታል። «ተከትቤያለሁ እኮ! ክንዴን ገልጬ ላሳይሽ?»

«ማሽኑ ክንድ አያነብም እህቴ። ወደ ጎን።»

ሰልፈኛው ይስቃል። ነጋዴዋ ግን ከሰልፉ ወጥታ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ጎሚስታው ዞር ብሎ ያያታል፤ ድምፅዋ እንደ ደወል የጠራ፣ ፊቷ ወዝ የጠገበ ሴት ናት። ቶሎ ዓይኑን ይመልሳል።

ወደ ጀልባው የሚያስገባው ሳንቃ ከእግሩ ሥር ይንቋቋል። ጉሮሮው ሲከረክረው ነው ያደረው። አቧራ ነው ብሏል ለራሱ፤ ጎማ ሲፍቅና ሲለጥፍ የሚውል ሰው ጉሮሮው ቢከረክረው ምን ይገርማል? ደግሞስ ዛሬ ካልተሻገረ መቼ ሊሻገር ነው? ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የውሃው መሻገሪያ ተዘግቶ ከርሟል። አሁንም የተከፈተው ስልኩ ላይ የክትባት ማረጋገጫ ላለው ብቻ ነው፤ ለዚያውም በተራ። እናቱ ማዶ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናት። «ቶሎ ብትመጣ ይሻላል» ብላዋለች እህቱ፤ «ሰው መለየት እያቃታት ነው።» እናቱ ሰሞኑን አንድ ክፍል አብራት የምትተኛውን ሴት ረስታለች። ቀጥሎ የማን ፊት እንደሚጠፋባት ማን ያውቃል።

«ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ!»

አንድ ሽማግሌ አግዳሚውን መታ መታ ያደርጋሉ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ስልካቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። «አየህ? አረንጓዴ! ልጄን ልጠይቅ ብዬ ብመጣ መንገድ ተዘጋብኝና እንደ አደራ ዕቃ ጓዳ ተቀምጬ ከረምኩ። ዛሬ ገና ሰው ሆንኩ። ወደ እኩዮቼ ልመለስ ነው።»

«እኩዮችዎ የት ናቸው አባባ?»

«የአረጋውያን መኖሪያው ነዋ! ስንቶች አሉ፣ ስንቶችስ ጠበቁኝ ይሆን።»

«እናቴም እዚያ ናት» ይላል ጎሚስታው ቀስ ብሎ።

«እ? ጆሮዬ ሰነፍ ነው፤ ጠጋ በል።» እሱ ሳይጠጋ እሳቸው ይጠጋሉ። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን አፉ ድረስ ያመጡለታል።

ሳል ከደረቱ ተነስቶ ይመጣበታል። ጎሚስታው ፊቱን አዙሮ አፉን በክርኑ ይከድናል። እንባው እስኪመጣ ይስላል።

«ትን አለህ? አይዞህ፣ አይዞህ።» ሽማግሌው አሁን የጠጡበትን የውሃ ጠርሙስ ክዳኑን ፈተው ይዘረጉለታል።

ጎሚስታው ጠርሙሱን ያየዋል። እጁን ግን አይዘረጋም።

«ይቅርብኝ አባባ» ይልና ይነሳል።

ሳንቃውን ተሻግሮ ሲመለስ ተቆጣጣሪዋ ታየዋለች። «ጋሼ፣ ዕቃ ረሱ እንዴ?»

«ልቀር ነው። አሞኛል።»

«አረንጓዴ እኮ ነዎት!»

«አረንጓዴው ስልኩ ነው። እኔን ጠዋት ሲያተኩሰኝ ነበር።»

ወጣቷ ማሽኑን ታያለች፣ እሱን ታያለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ትላለች። «ይሄ ማሽን እኮ የገባ ሰው የሚመለስበት የለውም። ተሻግረዋል ነው የሚለው።»

«ይበል። ብቻ አጠገቤ ለነበሩት አባት ንገሪልኝ። ለብቻቸው ይቀመጡ፣ ማዶ ሳይመረመሩ እንዳይገቡ።»

«እንግዲህ እሳቸውንም ሊያዘገዩብኝ ነው» ትላለች። ቢሆንም ለጀልባው ረዳት ጮክ ብላ ትነግረዋለች።

ጎሚስታው ከሰው ርቆ ግንቡ ጥግ ይቆማል። ጀልባው ጡሩምባውን ነፍቶ ሲንቀሳቀስ ስልኩ ይጠራል።

«ተሳፈርክ?» ታላቅ እህቱ ናት። «ፀጉሯን አጥቤ አበጥሬ መስኮቱ ጋ አስቀምጫታለሁ።»

«እትዬ፣ አልመጣም። ሳል ይዞኛል።»

«ማረጋገጫህ መጣ አላልከኝም?»

«መጥቷል። አሳልፈውኝም ነበር።»

«ታዲያ እነሱ ካሳለፉህ አንተ ምን ቤት ነህ?» ትጮህበታለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ትኩሳትም አለህ?»

«አለኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ይሰማዋል። «እንዲያው ምን ላድርግህ... በል፣ ላገናኝህ።»

ስልኩ እጅ ሲቀይር ይንኮሻኮሻል።

«ማነው?» የእናቱ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አላወቅሁህም። ልጄ ሊመጣ ነውና ቶሎ ተናገር፤ ስልኩን አትያዝብኝ።»

ጎሚስታው ወደ ውሃው ይመለከታል። ጀልባው ርቆ ርቆ፣ ሰዎቹ አይለዩም።

«ልጅሽን አውቀዋለሁ» ይላል በመጨረሻ።

«ታውቀዋለህ?» ድምፅዋ ይበራል። «እንግዲያው ንገረው። ውሃው ላይ ብርድ አለ፤ ደረቱን አይክፈት በለው። እሱ ሲያመው አይናገርም፤ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

ስልኩን ይዘጋል። ጎማ ባጠቆራቸው ጣቶቹ የኮቱን ቁልፎች፣ አንድ በአንድ፣ እስከ አንገቱ ድረስ ይቆልፋል።