አንድ ጊዜ ጠርቶ

ስልኩ ጠራ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውስጥ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ መበለቷን ገታ አድርጋ ልጇ ጋ የደወለችው የሺ ደነገጠች። ልጇ ለሥራ የሄደበት ከተማ ጦርነት ገብቶ ኔትወርክ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። በየጠዋቱ ስትደውል የምትመልስላት "ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም" የምትለዋ ሴት ብቻ ነበረች። ዛሬ ግን ጠራ። ጠራና፣ የየሺ አውራ ጣት በልማዱ ዘጋው።

"አንቺ ሴትዮ!" አለች አጠገቧ ዓሣ የምትሸጠው ታቢታ። "ዓመት ሙሉ ጠብቀሽ ሚስኮል ታደርጊበታለሽ?"

"እጄ እኮ ነው፤ እንደ ድሮው መስሎት።" ድሮ ካርድ እንዳይቆጥርባቸው እሷ አንድ ጊዜ አስጠርታ ትዘጋለች፣ ልጇም እንደዚያው አስጠርቶ ይዘጋል። ደህና ነኝ መባባላቸው ነበር።

"በይ ድገሚው!"

የሺ ስልኩን ሽርጧ ላይ ለጥፋ ያዘችው። እስካሁን የልጇን መጥፋት በኔትወርክ ታሳብብ ነበር፤ ኔትወርኩ ደግሞ መጣ። "ሌላ ሰው አንስቶ ቢነግረኝስ?"

ታቢታ መቀለዷን ተወች። "ስጪኝ፣ እኔ ልደውል" ብላ እጇን ዘረጋች። የሺ አልሰጠቻትም። አንድ ገበያተኛ የቆሮሶውን ዋጋ ሁለቴ ጠይቆ ወደሚቀጥለው መደብ አለፈ።

ድንገት ስልኩ ሽርጧ ላይ ጮኸ። የልጇ ቁጥር ነው።

"አንሺው! አንሺው እንጂ!"

የሺ አላነሳችም። ስልኩ አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ።

"ወይኔ፣ ተቋረጠ!" አለች ታቢታ፣ ራሷን ይዛ።

የሺ ዓይኗን በክርኗ ጠረገችና ቢላዋዋን አነሳች።

"አልተቋረጠም" አለች። "ዘጋው።"