የቤት ውሻ

ሲክስተን የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ከዳቦው ሳህን አጠገብ አስቀምጦታል። ከኢንሹራንስ ድርጅቱ የምታናግረው ልጅ የውሻዋን ዘር ትጠይቃለች፣ ዕድሜዋን ትጠይቃለች፣ ክትባት መውሰድ አለመውሰዷን ትጠይቃለች። እሱ ባጭር ባጭሩ ይመልሳል። ቡችላዋ ቱሳ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ የኤቫልድን ካልሲ በጥርሷ ይዛ ትጎትታለች።

ኤቫልድ ጎረቤታቸው ነው፤ የመንደሩ የአደን ቡድን መሪም እሱ ነው። የመጣው ቡችላዋን ለማየት ነው። ጥርሷን ገልጦ አይቷል፣ ደረቷን በመዳፉ ለክቷል፣ ለዘንድሮው የጥቅምት አደን ገና ልጅ እንደሆነች፣ ለከርሞ ግን እንደምትደርስ ተናግሯል። የሲክስተን ሚስት ራግንሂልድ ቡና ትቀዳለታለች እንጂ አስተያየት አትሰጥም። ከተጋቡ ጀምሮ በየጥቅምቱ ባሏን ከነጠመንጃውና ከነውሻው ለጫካው ስታስረክብ ኖራለች።

ያለፈው ውሻቸው ራፕ ይባል ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ ትልቅ አጋዘን ከፊቱ አቁሞ ሲጮህ፣ ሲክስተን ከኮረብታው ማዶ ሆኖ ይሰማው ነበር። ከዚያ ጩኸቱ ተለወጠ። ከዚያ ቆመ። ሮጦ ሲደርስ ራፕን የገደሉት ተኩላዎች ሄደዋል። ውሻውን በኮቱ ጠቅልሎ እስከ ቤት ተሸክሞ አመጣው፤ ራግንሂልድ እንዳታይ ጋራዥ አስገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሱቅ ውስጥ ሰዎች ወሬውን ሲያነሱ ወደ ሌላኛው መደርደሪያ ይሄዳል።

ቱሳን ያመጣችለት ልጃቸው ናት። ለፋሲካ ከከተማ ስትመጣ እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችለት። እምቢ አላለም፤ እሺም አላለም።

ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ አሁን ሁለት ዓይነት ውል እንዳለ ታስረዳለች። አንደኛው ለቤት ውሻ ነው፤ በሽታንና የመንገድ አደጋን ይሸፍናል። ሁለተኛው ለአደን ውሻ ነው፤ ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን ጫካ ውስጥ የሚደርስባትን ጉዳት ሁሉ ይሸፍናል፣ የከርከሮ ጥርስም ሆነ፣ ተኩላም ሆነ። ከፊቷ ያለውን እያነበበች ነው፤ ስለእነሱ የምታውቀው ነገር የለም።

ራግንሂልድ ማንኪያዋን ቀስ ብላ ታስቀምጣለች። ኤቫልድ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

«የትኛውን ልመዝግብልዎት?» ትላለች ልጅቷ።

ሲክስተን ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ይሰበስባል። ኤቫልድን አላስችል ይለዋል።

«ምን ያስባል ይሄ ሰውዬ? ሁለተኛው ነዋ። ያን የመሰለ ደረት ይዛ ሶፋ ልታሞቅ ነው እንዴ?»

«የመጀመሪያውን» ይላል ሲክስተን፣ ለስልኩ።

ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች። ዘሯ የአደን ውሻ ዘር ስለሆነ ደግማ ማረጋገጥ እንዳለባት ትናገራለች፤ በዚህ ውል ለአደን ወጥታ ብትጎዳ ድርጅቱ ምንም አይከፍልም።

ኤቫልድ አፉን በእጁ ከልሎ ያንሾካሹካል። ብልጥ ነህ ለካ፣ ርካሹን ግዛና ይዘሃት ውጣ፣ ማን ያይሃል ይለዋል። ግማሹ ቀልድ ነው። በግማሹ ደግሞ መውጫ እያበጀለት ነው።

«ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ኤቫልድ።»

«ታዲያ ለምን ብለህ ነው?»

«አልወስዳትም።»

«ዘንድሮማ አትደርስም አልኩህ እኮ።»

«ከርሞም አልወስዳትም።»

ልጅቷ ድምፁ እንዳልተሰማት ትናገራለች። ሲክስተን ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ «የቤት ውሻ ናት። እንደዚያ ብለሽ መዝግቢልኝ» ይላታል።

ራግንሂልድ ይህን ቃል ስንት ዘመን ጠብቃለች። አደኑን ተወው ብላ ለምናዋለች፣ ተቆጥታዋለች፣ አንድ ሁለቴም አኩርፋ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ተውኩት የሚልበት ቀን ሲመጣ እፎይ የምትል ይመስላት ነበር። አሁን ግን ጠረጴዛው ላይ የተጋደሙትን እጆቹን ስታይ፣ አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ወጥ ቤቷ ገብቶ የተቀመጠ ይመስላታል።

ኤቫልድ ቆሞ ቡናውን ይጨርሳል።

«የቡድኑ ልጆች ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«ያልኩህን።»

ኤቫልድ ራሱን ይነቀንቃል። ጎንበስ ብሎ የቡችላዋን ጆሮ ያካል፤ ሲገባ ካከከው ይልቅ ረዘም አድርጎ። ለራግንሂልድ ዳቦው ጥሩ እንደነበር ይነግራትና ይወጣል። በሩን የሚዘጋው በቀስታ ነው፤ እንደዚያ ሲዘጋ ሰምታው አታውቅም።

ልጅቷ ውሉ ከዛሬ እንደሚጸና ተናግራ፣ ከቱሳ ጋር መልካም ጊዜ ተመኝታላቸው ትሰናበታለች። ሲክስተን አመስግኖ ስልኩን ይዘጋል። ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ።

«እኔ ስለጨቀጨቅኩህ አይደለም አይደል?» ትላለች ራግንሂልድ።

«አንቺማ ስትጨቀጭቂኝ ኖረሻል።» ፈገግ ለማለት ይሞክራል። «አደኑን የተውኩት ራፕ የሞተ ዕለት ነው። ዛሬ ጠየቁኝና ተናገርኩ።»

ተነስቶ የቡችላዋን ማሰሪያ ገመድ ከመስቀያው ያወርዳል። ገና ዋጋው የተለጠፈበት አዲስ ገመድ ነው። ትንሽ ላናፍሳት ብሎ ይዟት ይወጣል። ራግንሂልድ በመስኮቱ ታየዋለች። ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ፈትቶ ጫካ የለቀቀ ሰው ነው፤ ገመድ ይዞ በአስፋልት ዳር ሲሄድ አይታው አታውቅም። በቀኝ እጁ ይይዘዋል፣ ወደ ግራው ያዛውረዋል፣ መልሶ ወደ ቀኙ። ቱሳ ዙሪያውን ትሮጣለች። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከእግሮቹ ያላቅቃል፣ ቀና ይላል፣ ትንሽ ይራመዳል፣ እንደገና ይጎነበሳል።