ሰጠኝን መጠበቅ

የቀኖቹን ቅደም ተከተል ተሳስቼ ይሆናል። በማስታወሻ ደብተር መያዝ የጀመርኩት ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን የምጽፈው በቃሌ ነው።

ወንድሜ ሰጠኝ አሶሳ ውስጥ ሃያ ዓመት ጋራዥ ሠርቷል። ከሥራ ሲወጣ አረቄ ቤት ነበር የሚያመሸው። ሆዱ ተነፍቶ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሚስቱ የዝና ከፓዌ አስጠራችኝ።

ሐኪሟ ብሩክታይት አልሸሸገችንም።

«ጉበቱ ጠጥሯል። ደሙ ማለፊያ ሲያጣ ወደኋላ ይገፋል፤ ሆዱ ውሃ የቋጠረው፣ ጣፊያው ያበጠው ለዚህ ነው። የጉሮሮው ሥሮች ሊፈነዱ ይችላሉ። ኩላሊቱም ደክሟል። አንድ መለኪያ ቢጠጣ አላተርፈውም።»

ስለ መድኃኒቶቹ ስታስረዳው እኔ ተሽከርካሪ ወንበር ፍለጋ ወጥቼ ነበር።

ቤት ስንገባ የዝና ሥራ አከፋፈለች። እሷ ሻይ ቤቷን ትከፍታለች፤ እኔ ሰጠኝን እጠብቃለሁ። ኪኒኑንና ሽሮፑን በሰዓቱ ሰጠሁ። ወጡን ያለ ጨው አበላሁት። ሁለት ቀን ተቅማጥ ሲያዳክመው ሽሮፑን ትቼ አጥሚት ሰጠሁት፤ ሆዱ ረጋ።

የሚጠይቀው ሰው ዐወድ ብቻ ነበር፤ አማርኛው የሚሰባበር የኩርሙክ ነጋዴ፣ የጋራዡ የድሮ ደንበኛ። ሁልጊዜ በሃይላንድ ቀይ የአበባ ሻይ፣ ከርከዴ፣ ይዞለት ይመጣል።

«ሰጠኝ፣ ሆድህ ውስጥ አንድ ነው መንታ?» ይለዋል።

«ሴት ከሆነች ለልጅህ እድርለታለሁ፤ ጥሎሹን አዘጋጅ» ይላል ሰጠኝ።

በስድስተኛው ቀን ሰጠኝ ሸሚዙን ገልብጦ ለበሰ። ማክሰኞውን እሁድ ነው አለኝ። የዝና ስትገባ ሊቀበላት ተነሥቶ ተንገዳገደ። ትንፋሹ ጣፋጭ የሻገተ ነገር ይሸታል።

«ጠጥቷል!» አለች። «አንተ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«ከአጠገቡ አልተለየሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ያ ሃይላንድ?»

በማግሥቱ ዐወድን በር ላይ አስቆመችው። ክዳኑን ከፍቶ ዘረጋላት።

«የዝና፣ አንተ አሽትት! ወላሂ ከርከዴ ነው። እኔ አረቄ ከነካ አባቴ ከቀብር ይነሣል።»

«የትናንቱንስ ማን አሸተተው?»

ዐወድ ወደ እኔ አየ። ኪኒኑን ልሰጥ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ሰጠኝ ግን ባሰበት። ፍራሹን፣ ጣራውን፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ፈተሽን፤ ምንም የለም። እጁን ሲዘረጋ መዳፉ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይለፈልፋል።

«ጋሼ፣ ማን ነው የሚያመጣልህ?» አልኩት።

ብዙ አሰበ።

«ጠጥቼ ይሆን እንዴ?» አለኝ። «አንተ ታውቃለህ፤ አጠገቤ ነህ።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ስቀሰቅሰው አልነቃም። ሆስፒታል ያገኘነው ተረኛ ሐኪም አዲስ ነበር። «ጠጥቷል?» ሲል ጠየቀ። የዝና «አዎ» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሰጠኝ ሁለት ቀን ቆይቶ አረፈ።

ቀብሩ ላይ ዐወድ ከሁሉም ኋላ ብቻውን ቆሞ ነበር። ሰላም ያለው የለም።

ከአርባው በኋላ የተረፈውን መድኃኒት ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። እዚያ የነገሩኝን ሌላም ሐኪም ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ሽሮፑ የሚሰጠው እንዲያስቀምጥ ነው፤ ጉበት ማጣራት ያቃተውን መርዝ አንጎል ደርሶ እንደ ስካር ሳያንገዳግድ የሚያወጣው እሱ ነው።