የጋሽ ሣህሌ የይለፍ ቃል

ትሁት ላፕቶፑን በጋሽ ሣህሌ ጭን ላይ አስቀመጠች። ስክሪኑ አንድ ሙከራ ብቻ መቅረቱን ይናገራል። የቦንጋ ማር አምራቾች ማኅበር የገበሬዎቹን መዝገብ የያዘበትን ፕሮግራም የጫኑት እሳቸው ነበሩ፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ፤ ቀኝ እጃቸውም አልታዘዝ አላቸው። በማኅበሩ አብራቸው የምትሠራው የትሁት አካውንት መዝገቡን ለማውጣት ፈቃድ የለውም። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ልትጭን ስትሞክርም ያንኑ የይለፍ ቃል ጠየቃት። መዝገቡ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ካልተላከ ደግሞ ገዢው የዘንድሮውን ማር አይቀበልም።

"ቀስ ብለው ጋሼ። የሚጽፉት እንዲታይዎት አድርጌዋለሁ" አለቻቸው።

ግራ እጃቸው አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ነካ፤ ቆየ፤ ሌላ ነካ። ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ከኋላ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ጋሽ ሣህሌ አምስተኛውን ፊደል ጨርሰው የማስገቢያ ቁልፉን ሲጫኑ ትሁት የተጻፈውን አነበበች። የራሳቸው ስም ነበር። አካውንቱ ወዲያው ተቆለፈ።

"ስሙን ጻፈ!" አሉ እትዬ አልጋነሽ። "አየሽ ትሁትዬ? ከታመመ ወዲህ እኮ አንዲት ፊደል ጽፎ አያውቅም!" በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው አለቀሱ።

ጋሽ ሣህሌ ግን ትሁትን ነበር የሚያዩት፤ "ሠራልሽ ወይ?" በሚል ዓይን። ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ላፕቶፑን ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዞረችው።

"ተከፈተ ጋሼ" አለቻቸው።